የላይ አምባ ወባ

ዕጣውን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው፤ በአገሩ ያልተወራበት ቤት የለም።

ስሜ ወለተሐና ነው፤ ቤቴ ታች አምባ። ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ስትወርዱ መጀመሪያ ላይ አምባን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወንዝ ተሻግራችሁ አንድ ሰዓት ተኩል ስትወርዱ እኛ አለን። ላይ አምባ ብርድ ነው፤ ወባን በስሙ እንጂ የሚያውቀው የለም። እኛ ዘንድ ግን መስከረም ጠብቶ ኅዳር እስኪወጣ ወባ እንደ ዘመድ ቤት ለቤት ይዞራል። ሰው ሲጠናበት በቃሬዛ ተሸክመን አንኮበር እናወጣለን፤ አምስት ሰዓት ሽቅብ ነው። አንዲቱን ልጄን ደመቀችን ምጥ ይዟት በዚያ ሽቅብ ሁለት ጊዜ አውጥተናታል። ሁለቱም ልጆች መንገድ ላይ ሞተው ተወለዱ። በሁለተኛው ጊዜ እሷም አልቃ ነበር፤ የመድኃኔ ዓለም ቸርነት ነው የመለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ብታረግዝ ምን ይውጠኛል እያልኩ ነው የኖርኩት።

ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ1973 ዓ.ም. መስቀል እንዳለፈ ነው። ያኔ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ነበርኩ። የተመረጥኩት ስብሰባ ላይ አፌን ስለማልይዝ ነው፤ ሥልጣን ከሰጠናት ዝም ትላለች ብለው ይመስለኛል። የሁለቱ ቀበሌ ሕዝብ ወንዙ ዳር ካለው ዋርካ ሥር ተጠራ። ከአውራጃ አንድ ካድሬ መጣ፤ ከዩኒቨርሲቲ ደግሞ አምስት ተማሪዎችና ዶክተር ዘርአ ዳዊት የሚባል ባለመነጽር ልጅ። ልጅ የምለው ከደመቀች ብዙ ስለማይበልጥ ነው። ፊት ለፊት አንቱ ብዬዋለሁ፤ ዞር ሲል ግን አልሆነልኝም።

ካድሬው መፈክሩን አሰምቶ ሲጨርስ ዶክተሩ ተነሣ። ሐቁን ለመናገር ንግግር ያውቅበታል። ከእንግዲህ ዩኒቨርሲቲውና ሕዝቡ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሠራሉ አለ። የከተማው ሰው ሐኪም ደጁ እያለለት የገጠሩ ሰው ቃሬዛ ላይ የሚያልቅበት ዘመን ማብቃት አለበት አለ። እዚህ ላይ አለቀስኩ፤ ደመቀች አጠገቤ ነበረች። ቀጥሎ ግን ነገሩ ተጣመመብኝ። ከሁለቱ ቀበሌ አንዱ ጤና ኬላ ይሠራለታል፣ ነርስ ይመደብለታል፣ መድኃኒት ይገባለታል። ሌላው ምንም አይገባለትም፤ ተማሪዎች በየአራት ወሩ እየመጡ የተወለደውን፣ የሞተውንና የታመመውን ቆጥረው፣ ሕፃናቱን መዝነው ይሄዳሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ የሁለቱ ልዩነት ይታያል፤ ልዩነቱ ከታየ መንግሥት አምኖ ለቁልቁለቱ ሁሉ ጤና ኬላ ይሠራል።

እጄን አወጣሁና ያ ምንም የማያገኘው ቀበሌ ሥራው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«እንደ ነበረ መሆን ነው» አለኝ። «እሱም ትልቅ አስተዋጽኦ ነው።»

ተጨበጨበ። በዚያ ዘመን ሰው አብዝቶ የሚያጨበጭበው ያልገባው ጊዜ ነበር። ከዚያ ዕጣ ይውጣ ተባለ። ሁለት ጥቅል ወረቀት ዶክተሩ ባርኔጣ ውስጥ ተጣለ። ካድሬው ሴት ታውጣው አለ፤ ከሴት ደግሞ ሊቀመንበሯ። ለቀበሌዬ አንዱን እንዳነሣ ተነገረኝ፤ በስመ ሥላሴ ብዬ እጄን ሰደድኩ። ወረቀቱ ተፈትቶ ሲነበብ ማነጻጸሪያ ይላል። ለላይ አምባ ጤና ኬላ ደረሰው፤ ለእኛ እንደ ነበርን መሆን ደረሰን።

ወደ ቤት ስንወርድ ማንም አልሰደበኝም። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ። ሸሪፍ ብቻ ቀረብ ብሎ ይህችን እጅሽን ቤት ስትደርሺ ታጠቢያት ብሎ ሳቀብኝ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ሸሪፍ የቅሬያችን ዳኛ ነው። ቅሬ ማለት የሞተውን የሚቀብር፣ የታመመውን የሚሸከም ማኅበር ነው፤ እስላም ክርስቲያን አይልም። የኛ ቅሬ ደግሞ ላይና ታች አምባን አንድ አድርጎ የያዘ ነው፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ። መንግሥት ወንዙን ወሰን አድርጎ ቀበሌውን ለሁለት ሲከፍል ቅሬውን አልጠየቀም፤ ቅሬውም መንግሥትን አልጠየቀም። ዶክተሩ ሁለቱን ቀበሌዎች ሲመርጥ ካርታውን አየ፣ ወንዙን አየ፣ ለየቅል ናቸው አለ። እያነበቡ የሚጠይቁን ወረቀት ነበራቸው፤ ስንት ፍየል አላችሁ ይላል፣ ሽንት ቤት አላችሁ ወይ ይላል። ስትሞቱ ማን ይሸከማችኋል የሚል ግን የለበትም።

ጤና ኬላው ጥር ላይ ተከፈተ። ነርሷ ሲስተር አፊፋ ትባላለች፤ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እጇ የተባረከ። ክኒን የሚያድለውና መዝገብ የሚይዘው ከላይ አምባ የተመረጠው ጤና ወኪል ብርሃነ መስቀል ነው፤ የቄስ ልጅ፣ ጽሕፈቱ የሚያምር፣ ሲበዛ ፈሪ። ዶክተሩ አስጠንቅቆታል። አንዲት ክኒን ወንዝ ከተሻገረች ጥናቱ ተበላሸ፤ ካድሬው ደግሞ የመንግሥት ንብረት አባክነሃል ብሎ ይጠይቅሃል ብሎታል።

ሸሪፍ ቅሬውን ጠራ። ክርክር እንኳ አልነበረም። ከቀብር የቀረ ሰው ቅጣቱ የታወቀ ነው፤ ከቅሬ ይወጣል፣ እሱ ቤት ሰው ሲሞት የሚደርስለት የለም። መድኃኒት በእጁ እያለ የቅሬ ልጅ ሲሞት ዝም ብሎ ያየም ከቀብር ከቀረ ሰው አይለይም ተብሎ ተወሰነ። ብርሃነ መስቀል ላብ በላብ ሆነ። ምስኪን፣ አንድ ወገን እስር ቤት አለ፣ አንድ ወገን የአባቱን ሬሳ ብቻውን መሸከም አለ። አባቱ አርጅተዋል። ቅሬውን መረጠ።

ዘዴውን ያመጣው ራሱ ነው። የታች አምባ በሽተኛ ሲመጣ በላይ አምባ ሰው ስም ይመዘግበዋል። ለያንዳንዳችን ስም አደለን። እኔ ወለተ ሥላሴ የምትባል የላይ አምባ ባልቴት ሆንኩ፤ እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ራስ ምታት እንኳ የማታውቅ ሴት ናት። በዚያ ዓመት በስሟ ሦስት ጊዜ ወባ ያዘኝ። ገበያ ስንገናኝ «ዛሬስ እንዴት አደርኩ?» እያለች ትቀልድብኛለች። ሸሪፍ ደግሞ፣ የአምስት ወቅት ሰላት የማያጓድለው ሸሪፍ፣ መሪጌታ ገብረመንፈስቅዱስ ተብሎ መርፌ ተወጋ። አስታግፊሩላህ እያለ ነው የተወጋው።

ሲስተር አፊፋ ነገሩ በሳምንቱ ገብቷታል። እኔ የማየው በሽተኛ ነው፣ ቀበሌ አላይም ብላ ለብርሃነ መስቀል ነገረችው፤ በዚያው አለፈች።

እንዲህ ስንል ከረምን። ተማሪዎቹ ለቆጠራ ሲመጡ ታች አምባ ጤናው ተርፎታል። ልጆቻችን ሚዛን ይደፋሉ። ተቅማጥ ሲይዛቸው ጨውና ስኳር በጥብጦ ማጠጣት ከላይ አምባዎች ተምረናል፤ ምንጫችንንም እነሱ ያጠሩትን አይተን አጥረናል። ምን ተጠቀማችሁ ሲሉን ምንም፣ እንደ ነበርን ነን እንላለን። የተሰጠን ሥራ እሱ ነዋ። ላይ አምባ ሲወጡ ግን መዝገቡ ጉድ ነው። የሁለት ቀበሌ በሽታ ባንድ ቀበሌ ስም ተጽፏል። ደግሞ ወባ፤ በዚያ ብርድ። ዶክተሩ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ኋላ ደስ አለው፤ ወባ ወደ ደጋ መውጣት ጀመረ ብሎ ትልቅ ነገር ያገኘ መሰለው። ተማሪዎቹ የወባ ትንኝ ሊይዙ መረብ ይዘው ላይ አምባን አሥር ቀን አሰሱት። የያዙት ዝንብ ብቻ ነው።

አታላዮች ትሉን ይሆናል። በሉን። ልጁ ሲንቀጠቀጥ እያየ ለጥናቱ ሲል ወንዝ የማይሻገር ሰው ካለ ያሳየኝ።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ፣ ጥቅምት ላይ፣ ደመቀች አረገዘች። ስትነግረኝ ደስ እንዲላት ብዬ እልል አልኩ፤ ጓዳ ገብቼ ግን ተንሰቀሰቅሁ። ይዣት ወጣሁና ሲስተር አፊፋ መረመረቻት። ሕፃናቱን የሚገድላቸው ሽቅቡ ነው፣ ሌላ ነገር የለባትም አለች። ምጧ ይዘገያል፤ ሲዘገይ የሚረዳት እጅ አጠገቧ ካለ ትገላገላለች። ሰኔ ሲገባ ወለተ ሥላሴ ቤት አምጥተሽ አስቀምጪልኝ፣ የቀረው የኔ ነው አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰኔን ብቻ ነው የቆጠርኩት።

ሚያዝያ ላይ ዋርካው ሥር ተጠራን። ዶክተሩ ትልቅ ወረቀት ሰቅሎ ሁለት መስመር አሳየን፤ ቀዩ ላይ አምባ፣ ሰማያዊው እኛ። ቀዩ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይወርዳል። የበሽታ ቁጥር ነው አለ። ጤና ኬላ ባለበት በሽታው እጥፍ ሆኗል፣ የሌለ ወባ ሁሉ ገብቷል። ጤና ኬላ በሌለበት ደግሞ ጤናው ተሻሽሏል። እኛም ያልጠበቅነው ነው፣ ሳይንስ ግን የተገኘውን መቀበል ነው አለ ድምፁ ሰለል ብሎ። ስለዚህ የመጨረሻው ቆጠራ ሰኔ ላይ ይደረግና ጤና ኬላው ይዘጋል፤ ነርሷ ግን ሰኔን ሳትጠብቅ በዚህ ሳምንት ውስጥ ደብረ ብርሃን ተመልሳ ወደ ሌላ አገር ትመደባለች።

ካድሬው ብድግ ብሎ የታች አምባ ሕዝብ በራሱ የሚተማመን ሕዝብ መሆኑን አስመስክሯል፣ ጭብጨባ ይገባዋል አለ። ላይ አምባዎች ተነሥተው ለጤናችን አጨበጨቡልን። ወለተ ሥላሴ እያየችኝ ነው ያጨበጨበችው፣ ሳቋን አፍና።

እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። ተነሣሁ። አፌ ላይ የነበረው፣ ያ ሁሉ በሽታ የኛ ነው፣ በሽተኞቹ እኛ ነን የሚል ነበር። ዓይኔ ብርሃነ መስቀል ላይ አረፈ። መዝገቡን ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞታል። ካድሬው ማስታወሻውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። ከዚያ ቀደም፣ ዓመት ሳይሞላ፣ ከሌላ ቀበሌ አንድ ሰው በሁለት ኩንታል ማዳበሪያ አሻጥር ሠራህ ተብሎ ተወስዶ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ቃሉን ዋጥኩት። ነርሷ እስከ ሰኔ ብትቆይ ምናለበት ብቻ አልኩ። ዶክተሩ ለምን ቢለኝ ለላይ አምባዎች አዝኜ ነው፣ በሽታ በዝቶባቸዋል አልኩት። ልጁ ልቡ ተነካ። መዋደዳችሁ ደስ ይላል፣ ደንቡ ግን አይፈቅድም አለኝ።

በማግስቱ ቅሬው ተቀመጠ። ሸሪፍ ነገሩን በሕጉ አየው። ሲስተር አፊፋ ሁለት ዓመት ከኛ ጋር ቀብር ውላለች፣ ስለዚህ የቅሬ ልጅ ናት። የታመመ የቅሬ ልጅ ደግሞ ሳይድን ከአገር አይወጣም። ታማለች ወይ የሚል ጥያቄ ተነሣ። ትታመማለች አለ ሸሪፍ። የሚገርመኝ፣ ያ ፈሪ ብርሃነ መስቀል ማንም ሳያዘው መዝገቡን ገልጦ ጻፈ፤ ሲስተር አፊፋ፣ ወባ፣ ከባድ፣ መንገድ አትችልም። ደብዳቤው ለደብረ ብርሃን ሄደ። ብርድ አገር ላይ ምን ወባ አለ ብሎ የጠየቀ የለም። ላይ አምባ ወባ እንዳለበት ዩኒቨርሲቲው አጥንቶ አረጋግጧላ።

ሁለት ወር ታመመች። ከውጭ ሰው ሲመጣ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትተኛለች፣ ሲሄድ ተነሥታ ሥራዋን ትሠራለች። ታማ እንደሷ የወፈረ ሰው አላየሁም።

ሰኔ አሥራ አንድ ቀን፣ ወለተ ሥላሴ ቤት፣ ደመቀች ምጥ ያዛት። ከጧት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አማጠች። እኔ ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ የመሬቱን ሣር ስነቅል ዋልኩ። ዘገየ፣ እንደ ፊተኞቹ ዘገየ፤ ሲስተር አፊፋ ስትቆጣት፣ ስታባብላት፣ ደግሞ ስትቆጣት ይሰማኛል። ከዚያ ለቅሶ ሰማሁ። የደመቀች አይደለም። ገብቼ ሳይ ሴት ልጅ ናት፤ ቀይ፣ ጩኸቷ ቤት የሚያፈርስ። የሲስተር አፊፋን እጅ ከነደሙ ሳምኩት። ሂጂ ወዲያ አለችኝ፣ እሷም እያለቀሰች።

በአምስተኛው ቀን ቅሬው እናትና ልጅን ተሸክሞ አወረደልኝ፤ ለቆጠራው ቤታቸው መገኘት ነበረባቸው። ዶክተሩ በማግስቱ ራሱ መጣ። ሕፃኗን አያት፣ ደመቀችን አያት፣ ወረቀቱን ገልጦ የፊተኞቹን ሁለቱን አነበበ። አብሮት የነበረውን ተማሪ ጎረቤት ሄደህ መዝን ብሎ አስወጣው። ከዚያ ደብተሩን ዘጋና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«እማማ ወለተሐና፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር እንዳመለጠኝ ይሰማኛል» አለኝ። «ይህችን ልጅ ማን አዋለዳት? አንድ ስም ብቻ ይንገሩኝ። ጤና ኬላው እንዳይዘጋ እኔ እከራከራለሁ።»

ዓይኑን አየሁት። የምሩን ይመስለኛል፤ ዛሬም እንደዚያው ይመስለኛል። ግን ካድሬው ያን ጊዜ ሸሪፍ ደጅ ላይ ተቀምጧል፤ የነገርኩት ስም ወረቀት ላይ ይወጣል፣ ወረቀቱ እሱ ዘንድ ይደርሳል። ሲስተር አፊፋ አልጋ ላይ ናት ተብላ በእግሯ ስትሄድ ልትገኝ ነው። ብርሃነ መስቀል የሁለት ዓመት ውሸቱን በዚያ ባማረ ጽሕፈቱ አስፍሯል። ይህን ሁሉ አሰብኩ። ሌላም ነገር አለ፣ አልደብቅም። ሕፃኗ ጡት ይዛ ነበር፣ ድምፅዋ ይሰማኛል። የኔ ደርሶልኛል።

«ማንም» አልኩት።

ከዚያ ደብተሩን ገልጦ ጻፈ፤ ያለ ረዳት፣ በሰላም። እየጻፈ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። የልጅቷን ጉንጭ ነክቶ እግዜር ያሳድጋት ብሎ ወጣ። ለሸሪፍ የተባባልነውን ስነግረው አበጀሽ፣ ሰው አተረፍሽ አለኝ።

ሲስተር አፊፋ በሳምንቱ ከወባዋ ዳነች፣ ሄደች። ጤና ኬላው ሐምሌ ላይ ተቆለፈ። የመድኃኒቱን ቁምሳጥን አንኮበር ድረስ ያወጣው ቅሬው ነው፣ በቃሬዛ። ሸክም ሲሆን ጊዜ ማን ሌላ አለ።

በተከታዩ ዓመት ኅዳር ላይ የሸሪፍን ልጅ ዙቤዳን ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። ሁለት ቀን ጠበቅን፣ በሦስተኛው ጧት ቃሬዛ ላይ አደረግናት። እኔ ውሃ ይዤ ከኋላ ነበርኩ። ላይ አምባ ስንደርስ ተሸካሚዎቹ ትከሻ ለመቀያየር ጤና ኬላው በረንዳ ላይ፣ ጥላው ሥር አወረዷት። በሩ ላይ ቁልፉ ዝጓል። ዙቤዳ ቀና ብላ እዚህ ነው እንዴ አለችን። አይደለም፣ ትንሽ ቀርቶናል አልናት። አንኮበር ልንደርስ አንድ ሰዓት ሲቀረን ሞተች፤ ልጁም ሆዷ ውስጥ።

ሁለቱም ቀበሌ ቀብሯ ላይ ነበር፣ ማንም አልቀረም። ሸሪፍ ከዚያ ወዲህ ስለ እጄ እንኳ ቀልዶብኝ አያውቅም። የደመቀችን ልጅ መንገድ ላይ ሲያገኛት ራሷን ዳብሶ፣ ዱዓ አድርጎላት ያልፋል፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አያየኝም፣ እኔም አላየውም።

ዙቤዳን ማን አዋለዳት ብሎ ደብተር ይዞ የመጣ የለም። ቆጠራው አልቋል። ቢመጣ ኖሮ የምመልስለት ያንኑ ቃል ነበር፣ ማንም እለው ነበር፤ ያኔ ግን እውነቴን ነው።